የቅጥነት ክኒን፣ የደረቀ ኩላሊትና የሽንት ቱቦ ካንሰር፦ የብራስልሱ ጉዳይ

በ1992 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብራስልስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ኩላሊታቸው ደክሞ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ሁለቱም ገና 50 ዓመት አልሞላቸውም። የኩላሊት ድካም ብዙ ጊዜ ዓመታት ወስዶ ቀስ እያለ የሚመጣ ነገር ነው፤ የእነዚህ ግን በወራት ውስጥ ቁልቁል ወረደ። ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግራ አጋባ። ደሙን የሚያጣሩት ጥቃቅን ጉንጉኖች ብዙም አልተነኩም። የጠፋው በመካከላቸው ያለው ሥጋ ነው፤ በሙሉ ደርቆ ጠባሳ ሆኗል። ስኳርም ሆነ የደም ግፊት ኩላሊትን የሚጎዱት በዚህ መልክ አይደለም።

መልሱን ያመጣው ማሽን ሳይሆን ማንኛውም ሐኪም የሚጠይቀው ተራ ጥያቄ ነው፦ ምን ስትወስጂ ነበር? ሁለቱም ውፍረት ለመቀነስ አንድ ክሊኒክ ይመላለሱ ነበር፤ ያውም አንድ ዓይነት ክኒን እየዋጡ። የኩላሊት ሐኪሙ ዣን ሉዊ ቫንሄርቬገምና ባልደረቦቹ ወደ ሌሎቹ የከተማዋ የኩላሊት ማዕከሎች ዞረው ሲጠይቁ፣ ዳያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጠብ) የጀመሩ ሌሎች ወጣት ሴቶችም ተገኙ። እነሱም የዚያው ክሊኒክ ደንበኞች ነበሩ። ጥናቱ በ1993 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። የታማሚዎቹ ቁጥር በኋላ ከ100 አለፈ።

ክሊኒኩ ለ15 ዓመት ያህል ክብደት ሲቀንስ የኖረ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ችግር አልታየበትም። የተለወጠው በግንቦት 1990 ነው። የምግብ ፍላጎት ከሚዘጉትና ሽንት ከሚያሸኑት መድኃኒቶች ጋር ሁለት የቻይና ዕፅዋት ዱቄት በክኒኑ ውስጥ ተጨመረ። አንደኛው ስቴፋኒያ ቴትራንድራ የሚባል ሥር ነው፤ ቢያንስ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እንዲያ ነበር።

ዱቄቱ ቤተ ሙከራ ሲገባ ግን በስቴፋኒያ ውስጥ መገኘት የነበረበት ቴትራንድሪን የተባለው ንጥረ ነገር አልተገኘም። በ1994 በምትኩ አሪስቶሎኪክ አሲድ ተገኘ። ይህ የሌላ ተክል፣ የአሪስቶሎኪያ ፋንግቺ፣ ነው። ስህተቱ የስም ነው። ቻይንኛው የመጀመሪያውን «ሃን ፋንግጂ»፣ ሁለተኛውን «ጓንግ ፋንግጂ» ይለዋል፤ በገበያ ሁለቱም «ፋንግጂ» ናቸው። ደርቀውና ተፈጭተው ከረጢት ውስጥ ከገቡ በኋላ በዓይን የሚለያቸው የለም። የኛን አገር ኮሶ የምታውቅ ባልቴት ወንዴውን ከሴቴው ለይታ፣ መጠኑን መዝና ነው የምትሰጠው፤ አበባው እጇ ላይ ስለሆነ ትችላለች። ብራስልስ የደረሰው ግን ዱቄት ነው።

የሚያበሳጨው፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ አዲስ ጠላት አለመሆኑ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አይጦች ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ታይቶ ነበር፤ ጀርመን ይህ ንጥረ ነገር ያለባቸውን መድኃኒቶች በ1981 ከገበያ አንስታለች። አደጋው ታውቋል፤ ያልታወቀው ከረጢቱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የኩላሊት ነበር። ካንሰሩ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ስለ ቱቦው ትንሽ ልበል። በአማርኛ «የሽንት ቧንቧ» ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ከፊኛ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ላይኛው ነው፦ ከእያንዳንዱ ኩላሊት ተነስቶ ወደ ፊኛ የሚወርድ፣ ሐኪሞች ዩሬተር የሚሉት፣ ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር የሚረዝም ቀጭን ቱቦ። ክፍተቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሽንቱ በራሱ ክብደት አይወርድም፤ የቱቦው ጡንቻ እንደ አንጀት እየተኮማተረ ይገፋዋል። ውስጡን የሚሸፍነው ስስ ልባስ ከኩላሊቱ ጉድጓድ ጀምሮ፣ በቱቦው አልፎ፣ ፊኛውን ጨርሶ የሚሄድ አንድ ወጥ ነገር ነው። ይህን ያዙልኝ፤ የብራስልሱ ታሪክ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። መርዙ በደም ኩላሊት ይደርሳል፣ ሽንት ውስጥ ይገባል፣ ያንን ልባስ ከላይ እስከ ታች እያጠበ ይወርዳል። አንዱን ቦታ ነክቶ ሌላውን አይተውም።

ስለዚህ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከእነዚሁ ሴቶች አንዳንዶቹ ላይ የልባሱ ሴሎች መልካቸው ተዛብቶ፣ ከዚያም ካንሰር ሆነው ሲገኙ፣ ይከታተሏቸው የነበሩት የብራስልሱ ኤራስም ሆስፒታል ሐኪሞች ከባድ ጥያቄ ፊት ቆሙ። ሌሎቹስ?

እንዲህ ያለ ካንሰር በሌላ ሰው ላይ ቢሆን እንዴት ይገኛል? ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚገልጠው በደም ነው። ሽንቱ ቀይ ወይም የሻይ መልክ ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ አንድ ቀን ታይቶ ለሳምንታት ይጠፋል። ሰውን የሚያዘናጋው ይህ መጥፋቱ ነው። አንዳንዴ ደሙ ቱቦው ውስጥ ረግቶ የቱቦውን ቅርጽ ይዞ ይወጣል፤ ቀጭን ረጅም ትል የመሰለ የረጋ ደም ሽንት ውስጥ ካያችሁ ምንጩ ከፊኛ በላይ ነው ማለት ነው፤ ፊኛ ውስጥ የረጋ ደም ቅርጽ የለውም፣ ጓል ነው። ዕጢው ቱቦውን ሲዘጋ ደግሞ ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቱን ይነፋዋል፤ ጎን ያማል፣ ወይም ቀስ ብሎ ስለነፋው ጭራሽ አያምም። ጠጠር ከሆነ ሕመሙ በድንገት መጥቶ ሰውን ያንከባልላል። ዕጢ ግን ትዕግሥተኛ ነው።

ከዚያ የሚታዘዘው የሽንት መስመርን የሚያሳይ ሲቲ ስካን ነው። በደም ሥር የሚሰጠውን ማቅለሚያ ኩላሊት አጣርቶ ወደ ሽንት ሲያወጣው፣ ቱቦው ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ዕጢ ያለበት ቦታ መስመሩ ይቋረጣል ወይም ጥቁር ጉድፍ ይታይበታል። ምስሉ ካልበቃ በፊኛ በኩል ቀጭን ላስቲክ ሽቅብ ገብቶ ማቅለሚያው ከታች ይረጫል። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ምልክት አለ፦ ከዕጢው በታች ቱቦው ስለሚሰፋ ማቅለሚያው የዋንጫ ቅርጽ ይይዛል። ጠጠር በሆነ ጊዜ ከበታቹ ያለው ቱቦ ይኮማተራል እንጂ አይሰፋም። ጠጠሩ ድንገት መጥቶ ይወተፋል፤ ዕጢው ግን ቀስ እያለ አድጎ፣ በእያንዳንዱ መኮማተር ወደ ታች እየተገፋ፣ ለራሱ ቦታ ያበጃል። ያቺ ዋንጫ ስንት ወር እዚያ እንደተቀመጠ ትናገራለች።

ሽንት ውስጥ የረገፉ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ መፈለግም አለ፤ ክፉዎቹን ካንሰሮች ያጋልጣል፣ የዋሆቹን ግን ብዙ ጊዜ ያሳልፋል። በመጨረሻ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በፊኛ አልፎ ቱቦው ውስጥ ይገባና ዕጢው በዓይን ታይቶ ይቆነጠራል። ቁንጣሪው ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንስበት ጊዜ አለ። ካንሰሩ ምን ያህል ክፉ መሆኑን ይነግራል፤ ግድግዳውን ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ ለመናገር ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። የቱቦው ግድግዳ ከፊኛ ግድግዳ በጣም የሳሳ ስለሆነ፣ ካንሰሩ ወደ ውጭ ለመውጣት ረጅም መንገድ አይጠብቀውም።

አሁን ይህን ሁሉ በብራስልሶቹ ሴቶች ላይ አስቡት። ኩላሊታቸው ሞቷል። ማቅለሚያውን አጣርቶ ወደ ቱቦው የሚያወርድ የለም፤ ሲቲ ስካኑ ቢነሳም ነጩ መስመር አይታይም። ዳያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ሽንቱ ጥቂት ነው ወይም የለም፤ የሚቀላ ሽንት ከሌለ ደሙስ በምን ይታያል? የረገፈውንስ ሴል ማን ያወርደዋል? ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውም ቢሆኑ ሽንታቸው የሚመጣው ከአዲሱ ኩላሊት ነው፤ የድሮዎቹ ሁለት ኩላሊቶችና ቱቦዎቻቸው እዚያው ጀርባቸው ውስጥ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። በዚያ ላይ አዲሱን ኩላሊት ሰውነት እንዳይጥለው የሚወሰደው መድኃኒት፣ ካንሰርን የሚጠብቀውን የሰውነት ዘበኛ ያስተኛል።

የሐኪሞቹ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነበር፦ የማይሠሩትን ኩላሊቶች ከነቱቦዎቻቸው እናውጣ። ካንሰር መጥቶ ሳይሆን እንዳይመጣ። ይህን ሐሳብ ለታማሚ ማቅረብ ቀላል አይመስለኝም። ለመቅጠን ብላ ክሊኒክ የሄደች፣ ኩላሊቷን ያጣች ሴት፣ ገና ያልታየ ነገር ሆድሽ ውስጥ ሊኖር ይችላልና እንክፈትሽ ስትባል ምን ትላለች? 39 ታማሚዎች እሺ አሉ።

የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረምሩት ሐኪሞች፣ ወደ ፓቶሎጂስቶች ሄደ። ዦኤል ኖርቲዬና ባልደረቦቿ ውጤቱን በሰኔ 2000 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አወጡት። ከ39ኙ 18ቱ ካንሰር ነበረባቸው፤ 46 በመቶ ማለት ነው። 17ቱ ላይ በቱቦው፣ በኩላሊቱ ጉድጓድ ወይም በሁለቱም፣ አንዷ ላይ ደግሞ ፊኛ ውስጥ። ከቀሩት 21 ውስጥ 19ኙ ካንሰር ባይሆንም የልባሱ ሴሎች ከቀላል እስከ መካከለኛ መዛባት ታየባቸው። ልባሳቸው ጤነኛ የነበረው ሁለት ብቻ ናቸው።

ሁለት ከ39። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ተመልሼ ነው ያነበብኩት።

ቡድኑ ሌላም ልፋት አድርጓል። ከ1990 እስከ 1992 ለእነዚህ ሰዎች የተጻፈውን የክኒን ማዘዣ በሙሉ ሰብስቦ እያንዳንዳቸው ስንት ግራም የአሪስቶሎኪያ ዱቄት እንደዋጡ ደመረ። 200 ግራምና ከዚያ በታች ከወሰዱት 24 ሰዎች 8ቱ፣ ከ200 ግራም በላይ ከወሰዱት 15 ደግሞ 10ሩ ካንሰር ነበረባቸው። 200 ግራም ወጥ ቤታችሁ ያለ አንድ ትንሽ የበርበሬ ዕቃ የሚይዘው ያህል ነው፤ በወራት ተከፋፍሎ፣ በክኒን። መጠኑ ሲጨምር ካንሰሩም መጨመሩ፣ ነገሩ አጋጣሚ ነው ለሚል ሰው መልስ ሆነ።

ከዚያ የበለጠ መልስ የሰጠው ግን ዲኤንኤው ነው። አሪስቶሎኪክ አሲድ ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ የሚፈጠረው ነገር ዲኤንኤው ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ምልክቱ በተመረመረው የታማሚዎቹ ሥጋ ሁሉ ላይ ተገኘ፤ ክኒኑ ከቆመ ዓመታት ካለፉ በኋላ። በሌላ ምክንያት ኩላሊታቸው ከደከመ ሰዎች በተወሰደው ሥጋ ላይ ግን አልነበረም። መርዙ የሚጣበቀው አዴኒን በምትባለው ፊደል ላይ ነው፤ ሴሉ ሲባዛ ቦታዋ በቲሚን ይተካል። ከዲኤንኤ አራት ፊደላት አንዷ በሌላዋ ተተክታ ደጋግማ ስትታይ፣ ወንጀለኛው አሻራውን ትቶ እንደሄደ ያህል ነው።

ይኸው አሻራ በኋላ የሌላ አካባቢ እንቆቅልሽ ፈታ። በዳኑብ ወንዝ ገባሮች ዳር፣ በክሮኤሽያ፣ በቦስኒያ፣ በሰርቢያ፣ በቡልጋርያና በሮማንያ መንደሮች፣ ገበሬዎች ኩላሊታቸው እየደረቀ፣ ከዚያም የሽንት ቱቦ ካንሰር እየያዛቸው ለብዙ አሥርት ዓመታት ኖረዋል። ውሃው ተጠርጥሯል፣ ሻጋታው ተጠርጥሯል። ስንዴው ማሳ ውስጥ የአሪስቶሎኪያ ዘመድ አረም ይበቅል ነበር፤ ፍሬው ከስንዴው ጋር ታጭዶ ተፈጭቶ እንጀራቸው ሆኗል። በ2007 የታማሚዎቹ ዕጢ ሲመረመር ያቺው የተተካች ፊደል እዚያም ተገኘች። እንክርዳድ ያልተለቀመለት ጤፍ ምን እንደሚያደርግ የምናውቅ ሰዎች ነገሩን ለመረዳት ብዙ አንቸገርም።

ወደ ሕክምናው ልመለስ። ብራስልስ ላይ የተደረገው ኩላሊትን ከነቱቦው ማውጣት፣ ይህ ካንሰር ለያዘው ለማንኛውም ሰው፣ ካንሰሩ ክፉ ዓይነት ከሆነ፣ እስካሁን ዋናው ቀዶ ሕክምና ነው። ዕጢው ታችኛው ቱቦ ላይ ሆኖ ሳለ ጤነኛው ኩላሊት ለምን ይወጣል የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔም ብዬ ነበር። መልሱ ያ አንድ ወጥ ልባስ ነው። ቱቦው ፊኛ ውስጥ የሚገባበት ቦታ እንኳ ከፊኛው ቁራጭ ጋር ተቆርጦ ይወጣል፤ ጉቶ ከቀረ ካንሰሩ ጉቶው ላይ ይመለሳልና። የቀዶ ሕክምናው ግማሽ ፈተና ያቺ የመጨረሻ ሁለት ሳንቲሜትር ናት።

የብራስልሶቹ ሴቶች በአንድ ነገር «ዕድለኞች» ነበሩ ቢባል ያስነውራል፤ ግን እውነት ነው፦ የሚያጡት ኩላሊት ቀድሞ ሄዷል። ሌላው ሰው ግን የሚሠራ ኩላሊት ነው የሚሰጠው። ዋጋው በኋላ ይመጣል። ለዚህ ካንሰር የሚሰጠው ጠንካራው ኬሞቴራፒ ሲስፕላቲን ነው፤ ሲስፕላቲን ደግሞ ደህና ኩላሊት ይፈልጋል። አንድ ኩላሊት ከወጣ በኋላ የቀረው ብዙ ጊዜ አይበቃውም። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የተካሄደውና በ2020 ውጤቱ የወጣው ፓውት የተባለ ጥናት 261 ሰዎችን ይዞ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ኬሞ ከጀመሩት 71 በመቶው በሦስተኛው ዓመት ካንሰሩ አልተመለሰባቸውም፤ ያለ ኬሞ በክትትል ብቻ ከቆዩት 46 በመቶው። ኩላሊታቸው ሲስፕላቲንን ለማይችል ካርቦፕላቲን ተተክቷል። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ሐኪሞች ሁለቱ ኩላሊቶች ገና ሳሉ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞውን መስጠት ይመርጣሉ። እኔ በዚህ ሙግት የምፈርድ ሰው አይደለሁም፤ አመክንዮው ግን ግልጽ ነው።

ዕጢው ትንሽ፣ አንድ ብቻ፣ የዋህ ዓይነት ከሆነ ኩላሊቱን ማትረፍ ይቻላል። በካሜራው በኩል ሌዘር ገብቶ ያቃጥለዋል፤ ወይም ከፊኛ አጠገብ ከሆነ ያ የቱቦ ክፍል ብቻ ተቆርጦ ቀሪው ከፊኛው ጋር እንደገና ይሰፋል። በ2020 አሜሪካ ደግሞ ቀዝቅዞ ሲገባ ፈሳሽ የሆነ፣ በሰውነት ሙቀት የሚረጋ፣ ማይቶማይሲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ያለበት ጄል ፈቀደች፤ መድኃኒቱን ሽንት ጠርጎ ሳይወስደው ልባሱ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። ኩላሊቱን ያተረፈ ሰው የሚከፍለው በክትትል ነው፦ ካሜራ፣ ሲቲ ስካን፣ እንደገና ካሜራ።

ለብራስልሶቹ ይህ መንገድ አልነበረም። አንዱን ዕጢ ብታቃጥል ከጎኑ ያለው ልባስ ያንኑ መርዝ ጠጥቷል፤ የግራው ቱቦ ቢጸዳ የቀኙ አለ።

የሕጉ ነገር አጭር ነው። ቤልጂየም በ1992 መጨረሻ ዕፅዋቱን ከገበያ አገደች። አሪስቶሎኪያ ያለባቸውን የዕፅዋት መድኃኒቶች የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2002 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ዝርዝር አስገባቸው፤ ከትምባሆና ከአስቤስቶስ ጋር። ቻይና ራሷ ጓንግ ፋንግጂን በ2004 ከለከለች። ከስሙ መመሳሰል እስከ ክልከላው 14 ዓመት።

ኩላሊትና ቱቦዎቹ ከወጡ በኋላ ግን ያ ልባስ ሙሉ በሙሉ አላለቀም። ፊኛው አለ። የብራስልሱ ቡድን ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን 38 ታማሚዎች ፊኛቸውን በካሜራ እያየ ተከታተለ፤ ውጤቱ በ2008 ታተመ። 15ቱ የፊኛ ካንሰር ያዛቸው፤ አብዛኞቹ ቀድሞ ላይኛው ቱቦ ላይ የተገኘባቸው ነበሩ። የመጀመሪያው የታየው ክኒኑ ከቆመ ከ68 ወር በኋላ ነው። የመጨረሻው ከ169 ወር በኋላ፤ ከ14 ዓመት በላይ።